ጠንቋዮች የሚገዟት አገር

ባለፈው የፈተና ሰሞን አንድ ተማሪዬ ወፍራም ጥራዝ በብብቱ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ያመጣ መስሎኝ እጄን ብዘረጋ አንገቱን አቀረቀረ። «ልብ ወለድ ነው ዶክተር፤ ጊዜ ካገኙ ቢያነቡልኝ ብዬ ነው» አለኝ። እኔ የማስተምረው የፖለቲካ ታሪክ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም። ሆኖም ሰው የልቡን ጽፎ ሲሰጥህ የትምህርት ክፍል መጠየቅ ነውር ነውና ተቀበልሁት፤ በሁለት ሌሊትም ጨረስሁት።

ታሪኩ የሚፈጸመው በካርታ ላይ በማትገኝ አገር ነው። አገሪቱን የሚገዟት ጠንቋዮች ናቸው። ምድጃው የሚለኮሰው፣ ገበያው የሚቆመው፣ ዝናቡ የሚጠራው፣ ግብሩ የሚሰበሰበው በድግምት ነው። ጠንቋዮቹ ጦር ሠራዊት የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም። ሕፃን በተወለደ በሦስተኛው ቀን ወላጆቹ እውነተኛ ስሙን በጠንቋዮቹ መዝገብ ያስገባሉ። የተቀየሙትን ሰው አያስሩትም፤ ስሙን ከመዝገቡ ፍቀው ሌላ ስም ይጽፉበታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየውን ሚስቱም አታውቀው፣ ውሻውም ይጮኽበታል። የልጁ ቋንቋ ገና አልበሰለም፤ ጦርነትም አብዝቷል። ይህች የመዝገቧ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

«ከየት አገኘኸው?» ብዬ ብጠይቀው ከውጭ ፊልሞችና ከተተረጎሙ መጻሕፍት እንደሆነ ነገረኝ፤ ሃሪ ፖተርንም ጠቀሰልኝ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። «እኔ እኮ የተወለድሁት እዚያው አገር ነው» ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ የዋጥሁት መልስ ነው።

የተወለድሁት እንፍራንዝ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሁሉ ያልፍባታል፤ የሚቆምባት ጥቂት ነው። በአቅራቢያዋ ካለው ኮረብታ ላይ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብ አለ። ንጉሡ የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነውና ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ የነገሥታቱ ዐይን እኛ ላይ አርፎ ነበር ማለት ነው። እኛ ልጆች ግን ይህን አናውቅም። ግንቡን የሰው እጅ የሠራው አይመስለንም ነበር።

በአንገቴ ላይ ክታብ ነበረ። በቆዳ የተሰፋች፣ ላብና ቅቤ ያጠቆራት ትንሽ ጥቅል። አዋቂ የሚያስጽፈው ትልቁ ጥቅል ደግሞ ብራናው እንደ ባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ደብተራው ሊጽፍ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስምን ነው። የምንጠራበትን ስም አይደለም፤ የክርስትናውን። ዐውደ ነገሥት የሚገልጥም የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ሳይቆጥር ኮከቡን አያገኝም። ስለዚህ እናቴ የክርስትና ስሜን ለጎረቤት አትናገርም ነበር። ስምን ያወቀ ሰውየውን ያዘ። ደግሞስ «አስማት» የሚለው ቃል ራሱ ምንድን ነው? በግእዝ «ስም» ሲበዛ «አስማት» ይሆናል። ስሞች ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ተማሪዬ ግእዝ ሳይቆጥር እዚህ ላይ መድረሱ ያስደንቀኛል።

ደብተሮችን ለማሳነስ የተነሣሁ እንዳይመስልብኝ። ቅኔውን፣ ዜማውን፣ ድጓውን በቃላቸው ተሸክመው እዚህ ያደረሱት እነርሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን በአንድ እጃቸው ጸናጽል በሌላው አስማት መያዛቸውን ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሌላው ማንበብ በማይችልበት አገር ማንበብ የሚችል ሰው ፈቀደም አልፈቀደም ጠንቋይ ነው። ከእነርሱ ጎን ደግሞ የዛር መንግሥት ነበረ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወልዳ ፈጣሪ ሊቆጥራቸው ሲመጣ ያማሩትን አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ የተደበቁት እንደተሰወሩ ይቅሩ ተባለ ይላል ተረቱ። ከዚያ ወዲህ ስውሮቹ የግልጦቹን ልጆች ይገዛሉ። ሹም አላቸው፣ ጭፍራ አላቸው፣ ግብር ይበላሉ። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ሲሰነብት ሚሼል ሌሪስ ቀን ከሌት በዛር ቤት ተቀምጦ የመዘገበው ይህንኑ ስውር መንግሥት ነው። ከቡድኑ ጋር የነበረችው ዲቦራ ሊፍሺትዝ ደግሞ በ1940 የኢትዮጵያን የአስማት ጽሑፎች በፓሪስ አሳተመች። ከሁለት ዓመት በኋላ ናዚዎች አይሁዳዊት ናት ብለው ወደ ኦሽዊትዝ አጋዟት፤ አልተመለሰችም። የክታብን ጽሑፍ እንደ እርሷ ያጠና ጥቂት ነበር። የገደላት ግን በመዝገብ ላይ ከስሟ አጠገብ የተጻፈ አንድ ቃል ነው።

ወደ ቤተ መንግሥት እንግባ። ተማሪዬ ጠንቋዮቹን ዙፋን ላይ አስቀምጧቸዋል። የእኛ ታሪክ ከዚያ ይረቅቃል፤ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ጠንቋይ አልነበረም፤ ጠንቋይ የሚፈራ ንጉሥ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርቱ ንጉሥና ደራሲ ነበሩ፤ ጥንቆላን ከአገሩ ሊነቅሉ ተነሡ። ሰው ሁሉ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የካደበትን ቃል በእጁ ጽፎ እንዲሄድ አዘዙ። ጣዖት ያመልካል፣ ለደስክ ይሰግዳል ተብሎ የተጠቆመ ይቀጣል። ጥቆማው እየቀረበ እየቀረበ መጥቶ ከንጉሡ ቤት ገባ፤ በዜና መዋዕላቸው እንደተጻፈው ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ተከሰው ተቀጡ፤ ከቅጣቱ የተነሣ የሞቱ አሉ። ቤተ መንግሥታቸውንም ካህናት ሌሊትና ቀን እየጸለዩ ጠበል ይረጩት ነበር፤ የጠንቋዮች ተንኮል እንዳይገባ። እኔ ይህን ታሪክ በክፍል ሳስተምር ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ከዚያ አንዱ መሳቁን ያቆማል። ጥንቆላን ለማጥፋት የተነሣው መንግሥት የጠንቋይን ሥራ ይዞ መገኘቱ የገባው እርሱ ነው፤ ግንባር ላይ ጽሑፍ፣ በር ላይ መርጨት፣ በስም ማጥፋት።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ፤ እስካሁን የዞርሁት እንዳልደርስበት ፈርቼ ነው።

ከእንፍራንዝ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቤተ እስራኤል ናት፤ እኛ ግን በዚህ ስም አንጠራትም። «ፈላሻ» ነው የምንል፣ ሲብስ «ቡዳ»። ጀበናችን፣ ምጣዳችን፣ እንስራችን ከእርሷ እጅ የወጣ ነው። እንጀራችን በእርሷ ምጣድ ይጋገራል፤ እርሷ ቤት ግን ውኃ አንጠጣም። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዐይኑ ይበላል ይባላል። የሚገርመው፣ እኛ ፈርተን የማንነካት መስሎን ስንኖር የእርሷም ወገኖች በሃይማኖታቸው ሕግ እኛን እንዳይነኩ ይጠነቀቁ እንደነበር የተረዳሁት ዶክትሬቴን ስሠራ ነው። የመሬቱንም ነገር ያኔ ነው ያስተዋልሁት። ርስት አልነበራቸውም፤ የሰው መሬት በጭሰኝነት ያርሱ ነበር፤ ቀጥቃጭነትንና ሸክላን የያዙት ስለዚህ ነው። እጅ ሥራ ስለያዙ ቡዳ ተባሉ፤ ቡዳ ስለተባሉ ርስት አይገባቸውም። ድግምቱ ራሱን በራሱ ይደግማል። ደርግን የማመሰግንበት ነገር ጥቂት ነው፤ የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ግን ይህን ቀለበት በአንድ በኩል በጥሶታል።

በ1982 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የስድስት ዓመት እህቴ በድንገት ታመመች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች። ሴቶች ተሰበሰቡ። «ዛሬ ማን አያት?» ተባለ። እናቴና እህቴ በማለዳ ገበያ ወርደው ነበር፤ እኔም አብሬ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ያህል ትልልቅ ሰዎች ቃሌን ጠብቀው አያውቁም ነበር። «ጠይቧ አይታታለች፤ ጠጉሯንም ዳበሰቻት» አልሁ። ማየቷ እውነት ነው። መዳበሷን እኔ ጨመርሁበት። ለምን እንደጨመርሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ነገሩ ሙሉ እንዲሆን ይመስለኛል።

እህቴን አጠኗት። በጭሱ ውስጥ «ማነህ? ተናገር!» እያሉ ያለፈልፏታል፤ የበላው ሰው በታማሚው አንደበት ስሙን እንዲናገር ነው ልማዱ። ልጅቱ ከትኩሳቷ ጋር ስትታገል፣ ቤቱ ውስጥ ሲደጋገም የሰማችውን ቃል መልሳ ተናገረች። «ጠይቧ።» ስሙ ከእኔ አፍ ወጣ፤ በእርሷ አፍ ማስረጃ ሆነ። በኋላ ብዙ የምርመራ ቃል፣ ብዙ የፍርድ መዝገብ በሥራዬ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተለየ አሠራር ያየሁት ጥቂት ነው።

ወንዶች ሄደው ሴትዮዋን አመጧት። አልደበደቧትም፤ ይህን ማለት አለብኝ። እየገፉ አመጧት እንጂ። ልጅዋ፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ከኋላ እያለቀሰች ተከተለች። «እንትፍ በይባት!» አሏት፤ የበላ ሲተፋ የተበላው ይድናል። ሴትዮዋ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እህቴን አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ተፋች። ወጥታ ሄደች።

በማግስቱ አባቴ ማንንም ሳያማክር እህቴን ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ወባ ነበር። ያ ቆላማው ዳር ከክረምት በኋላ የወባ አገር ነው። ክሎሮኪን ሰጧት፤ በሳምንቷ ትሮጥ ነበር። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ወደ ወንዙ ማዶ ሄዶ «ወባ ነበር» ያለ ሰው ግን የለም። መንደሩ «ስለተፋችላት ዳነች» አለና ዘጋው። ሴትዮዋና ልጅዋ በተከታዩ ዓመት ጎጆዋን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤሎች በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ሲጫኑ ከእነርሱ መካከል እንደነበሩ እገምታለሁ።

ይህ ሁሉ የገጠር ኋላ ቀርነት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም ብዙ ዓመት እንዲህ እያልሁ ተጽናንቻለሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም በጥንቆላና በኮከብ ቆጠራ ሕዝብን አታሎ ጥቅም የሚያገኘውን በደንብ መተላለፍ ይቀጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚያውቀው ብር የሚቀበለውን ጠንቋይ ብቻ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን «አናርኪስት» እና «ፀረ አብዮት» የሚሉት ቃላት ምን ነበሩ? ቃሉ የተለጠፈበት ሰው ሬሳው መንገድ ላይ ሲውል እናቱ እንዳታለቅስበት የተደረገው በምን ኃይል ነው? ከዚያ ደግሞ «ጠባብ» እና «ትምክህተኛ» መጡ። ከዚያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ «አሸባሪ» የሚለውን ስም ለጋዜጠኛም ለብሎገርም የሚበቃ አድርጎ ሰፋው። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚል ስም ከላይ ተነግሮ አገሩን ሁሉ በአንድ ሳምንት አዳረሰ። ተንታኞች ብዙ አሉበት፤ እኔ ግን ወዲያው ትዝ ያለኝ ወንዙ ማዶ ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናል የምንለው ቡዳ በቀን ሲወጣ ምን ይባላል? ቃሉ ያን ያህል የሠራው አዲስ ስለሆነ አይደለም፤ እያንዳንዳችን ከእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን የሰማነው ስለሆነ ነው። «ጁንታ» እና «ጃውሳ» ተከተሉት። ባለሥልጣኑ ይወድቃል፣ ፓርቲው ስሙን ይቀይራል፣ መዝገቡን ግን የሚቀጥለው ይወርሰዋል። ተቃዋሚውም ቢሆን የራሱ መዝገብ አለው፤ «ባንዳ» የሚለው አምድ ብቻውን ስንት ገጽ እንደሞላ የማያውቅ የለም።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ሜጫ ወረዳ አዲስ ዓለም በተባለች ከተማ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ መጡ» በሚል ወሬ በሕዝብ ተገደሉ። ዜናውን የሰማሁት ልክ የመስክ ጥናት ተማሪዎቼን ላሰማራ ስዘጋጅ ነው። የሞቱት የእኔ ወገኖች ናቸው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው የሚዞሩ። ሆኖም ያን ቀን የተሰማኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ሕዝብ መካከል «ዳበሰቻት» የሚል አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ታየኝ።

አዋቂ ከሆንሁስ በኋላ? ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ፣ የሥራ ባልደረባዬ ከተሰጡት ስሞች አንዱ ተለጠፈበት። ማስረጃ የጠየቀ የለም። ሰብሳቢው «የተለየ ሐሳብ ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ የምናገረው ነበረኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የሆነ ነገር እየጻፍሁ አሳለፍሁት። ምን እንደጻፍሁ በኋላ ብገልጠው፣ የዕለቱን ቀን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። ባልደረባዬ በዚያው ዓመት ለቀቀ። ኮሪደር ላይ ብንገናኝ እንኳ ሰላምታዬ ያጥር ነበር።

ከእንፍራንዝ የወጣ ሌላ ድምፅ እንዳለ አውቃለሁ፤ የሚከነክነኝም እርሱ ነው። በሐተታው እንደምናነበው ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ (ስሙ የንጉሡ ስም መሆኑን ልብ ይሏል) በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሐሰት ተከስሶ ከአክሱም ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፤ በኋላም እንፍራንዝ መጥቶ ሀብቱ በሚባል ባለጠጋ ቤት ተጠጋ። በዚያ ዳዊት እየጻፈ ኖረ፤ የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ ገረድነቷ እንዲቀር አደረገ። መጽሐፉ የዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ወደ አንቷን ዳባዲ የላከው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ከጻፈ ወዲህ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፤ ክላውድ ሰምነር ለኢትዮጵያዊነቱ ብዙ ደክመዋል። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ ልተወው። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነው። ያ ሰው በእጁ ብዕር ነበረው፤ ክታብ ጽፎ መክበር በሚቻልበት አገር መዝሙረ ዳዊት ጽፎ በላቡ በላ፤ የተነገረውን ሁሉ በልቡናው መረመረ። እኔም በእጄ ብዕር አለ።

ተማሪዬ ባለፈው ማክሰኞ መልሱን ሊሰማ መጣ። በመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ጀግና ጠንቋዮቹን በሰይፍ ይጨርሳቸዋል። «ጠንቋዮቹ ሞቱ፤ መዝገቡስ የት ሄደ?» አልሁት። አሰበ። «አላሰብሁበትም ዶክተር» አለ። «በል እንግዲህ ሂድና አስብበት፤ እኔም የቤት ሥራ አለብኝ» ብዬ ሸኘሁት።

በር ዘግቼ ወደ እንፍራንዝ ደወልሁ። ስልኩ በሦስተኛው ሙከራ ገባ። ከሰላምታው በኋላ፣ «እማዬ፣ ያቺ ከወንዙ ማዶ የነበረችው ሸክላ ሠሪ፣ ስሟ ማን ነበር?» አልኋት።

«የትኛዋ?»

«እህቴ የታመመች ጊዜ ያስተፋናት።»

እናቴ ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። «ምን አስታወሰህ አንተ ልጅ?» አለች በመጨረሻ። «ጀበናዋ እኮ እስካሁን አለ። አንገቱ ተሰንጥቆ በሽቦ አስሬዋለሁ። እንደ እርሷ አድርጎ የሚሠራ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።»

«ስሟስ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ጠይቧ ነው የምንላት። አባትህ ቢኖር ያውቅ ነበር።» እንደገና ዝም አለች። «ልጅ ነበረቻት አይደል? የልጅቷን ስም አውቀዋለሁ፤ ስትጣራ እሰማ ነበር» አለችና ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ አንድ ጊዜ ስም ሰጥቼ ጎድቻቸዋለሁ።

ልዘጋ ስል እናቴ መልሳ ጠራችኝ። «ልጅቷን ታገኛት ይሆን? እስራኤል የሚመላለስ ሰው አይጠፋችሁም» አለች። «ካገኘሃት ወባ ነበር በላት።»